«ደህና ነዎት?» የማይባልበት ክፍል

በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የቀዶ ሕክምና ክፍል አንድ ጥያቄ መጠየቅ ክልክል ነው። ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ታካሚን ‹ደህና ነዎት?› ብሎ መጠየቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።» አዲስ የተመደበ ነርስ ሁሉ መጀመሪያ ሲያነበው ይስቃል። «እንዴ! ሆስፒታል ውስጥ ያልተባለ የት ሊባል ነው?» ይላል። ሳምንት ሳይሞላው ግን እሱ ራሱ ከኋላው ለመጣው ያስረዳል።

ወረቀቱን የለጠፈችው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ናት። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው። ቁመቷ አጠር ያለ ስለሆነ ስትሠራ የምትቆምበት ዝቅተኛ የእንጨት መርገጫ አላት፤ ማንም እንዳይወስድባት «የኔ» ብላ በቀይ ቀለም ጽፋበታለች። የአንጎል ዕጢ ታወጣለች፣ የወገብ ዲስክ ታክማለች። ሙያሽ ምንድን ነው ተብላ ስትጠየቅ ግን «ፊት» ነው የምትለው። ሌላ ሐኪም መላ ያላገኘለት፣ ጥርስ ተነቅሎ ያልለቀቀ፣ መስተዋት ፊት የሚያስለቅስ የፊት ሕመም ሲመጣ ወደ እሷ ይላካል። በገዋኗ የደረት ኪስ ውስጥ እስክሪብቶ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ የመስታወት ቱቦ ትይዛለች፤ ቱቦው ውስጥ ጫፉ እንደ ክር የቀጠነ ጥጥ አለ። በዚያ ጥጥ የሰዎችን ፊት ስለምትነካ ባልደረቦቿ «ባለጥጧ» ይሏታል። ስሙን ትወደዋለች።

ሥራዋን ለመረዳት እጅን መጠቀም ይበቃል። ቀኝ መዳፍዎን ቀኝ ጆሮዎ ፊት ያሳርፉና ሦስት ጣቶች ወደ ፊት ይዘርጉ። አንዱ ወደ ግንባርና ወደ ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭና ወደ ላይኛው ከንፈር፣ ሦስተኛው ወደ አገጭና ወደ ታችኛው ከንፈር ይሄዳል። የፊት ስሜት ነርቭም ልክ እንደዚህ ነው። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ግንድ ከአንጎል ይነሳና ጆሮ አካባቢ፣ ከራስ ቅል ግርጌ፣ በሦስት ቅርንጫፍ ይከፈላል። ነፋስ ጉንጭን ሲነካ፣ ፎጣ ፊትን ሲያደርቅ፣ ሻይ ከንፈርን ሲያቃጥል ወሬውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ይህ ነርቭ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ግንዱ አጠገብ የሚያልፍ የደም ሥር በየምቱ ነርቩን እየገፋ እየገፋ ልባሱን ይልጠዋል። የኤሌክትሪክ ገመድ ፕላስቲኩ ተልጦ ሽቦው ሲጋለጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ ለነርቩ የነፋስ ሽውታና የምላጭ ስለት ይምታቱበታል። ጥርስ መፋቅ፣ ፊት መታጠብ፣ መሳም ሁሉ መብረቅ ይሆናል። ሕመሙ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ በቀን መቶ ጊዜ የሚመለስበት ሰው አለ። በዚህ ምክንያት የሐኪሟ ምርመራ ክፍል የነፋስ ማራገቢያ ቬንቲሌተር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚሠራው። ታካሚዎቿ ገና ከበሩ ሲያዩት እፎይ ይላሉ፤ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ዘንድ እንደደረሱ ይገባቸዋል።

ፊት መንካትን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስተዋት ባለው ሱቃቸው ውስጥ፣ በደንበኞች መጠበቂያ አግዳሚ ላይ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው ያደገችው። ሒሳብ ሲሰለቻት ቀና ብላ አባቷ ፊት ሲይዙ ታያለች። አውራ ጣታቸው ቆዳውን ወጠር ያደርጋል፣ ምላጩ ይከተላል፣ ምላጩ ሳይነሳ ሌላኛው ጣት ቀድሞ ይደርሳል። ዛሬ የሆስፒታሉ ተማሪዎች «ዶክተር፣ እጅዎ እንዴት አይንቀጠቀጥም?» ሲሏት «የፀጉር አስተካካይ ልጅ ነኛ!» ትላለች፤ አንገቷም ትንሽ ቀና ይላል።

ያ በግድግዳው ላይ ያለው ክልከላም የመጣው ከዚያው ሱቅ ነው። ከእሷ ስህተትም ነው።

የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ነው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ አገጫቸውን አመማቸውና መጡ። ሐኪሟ በጉንጫቸው በኩል ቀጭን መርፌ አስገብታ፣ ከራስ ቅል ግርጌ ባለች ቀዳዳ አሳልፋ፣ ነርቩ ጋ አደረሰች። የዚህ ሕክምና አስደናቂ ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ታካሚው መሃል ላይ እንዲነቃ ይደረጋል። በመርፌው ጫፍ በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቀቅና «የት ተሰማዎት?» ይባላል። ራጅ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የመርፌው ጫፍ ከሦስቱ ቅርንጫፎች የትኛው ላይ እንዳረፈ በእርግጠኝነት የሚያውቀው የፊቱ ባለቤት ብቻ ነው። ትክክለኛው ቅርንጫፍ ሲገኝ ታካሚው ለአጭር ጊዜ ይተኛል፣ ጫፉ ይሞቃል፣ ሕመም አመላላሹ ክር ይደክማል። ቦታው ይደነዝዛል፣ ሕመሙ ይሄዳል።

ሐኪሟ ያን ቀን ደክሟት ነበር። ንዝረቱን ለቀቀችና በለመደው አንደበቷ «አባት፣ ደህና ነዎት?» አለች።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን» አሏት።

አሞቀችው። ሰውየው ሲነቁ የአገጫቸው ሕመም እንዳለ ነበር፤ ቀኝ ዓይናቸው ግን ስሜት አጥቷል። ዓይን ስሜት ሲያጣ አያምም፤ አደጋው ራሱ ይህ ነው። አቧራ ሲገባበት አያውቅም፣ በጊዜው አይርገበገብም፣ ሳይታወቅ ይቆስላል። ለምን እንዳልነገሯት ስትጠይቃቸው የመለሱላትን እስከ ዛሬ አትረሳውም፤ «ዓይኔን ሲነዝረኝማ ተሰምቶኝ ነበር፣ ግን ግንባርሽን ሲያልብሽ አየሁና ባስቸግርሽ ይሉኝታ ያዘኝ» ነው ያሏት። ለዓመታት በየወሩ ዓይናቸውን እያየች፣ ጠብታ እየሰጠች፣ መነጽር እያስደረገች ጠበቀችላቸው። አገጫቸውንም በሁለተኛው ሙከራ አዳነችው። ዓይናቸው አልጠፋም። ስህተቱን ግን ለተማሪዎቿ ራሷ ትናገራለች፣ አታሳጥረውም።

ያኔ ቀጥታ የሄደችው አባቷ ሱቅ ነው።

«ጠይቀሽው ነበር?» አሉ አባቷ።

«ጠይቄዋለሁ አባዬ።»

«ምን ብለሽ?»

«ደህና ነዎት ብዬ።»

አባቷ ምላጩን አስቀምጠው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አርባ ዓመት ስላጭ ‹ደህና አይደለሁም› ያለኝ አንድ ሰው የለም። ጆሮውን ብቆርጥለት እንኳ ‹ኧረ ምንም አይደል ጋሼ፣ ትርፍ ናት› ነው የሚለኝ!»

«ታዲያ እንዳመመው በምን ታውቃለህ?»

«ጫማውን አያለኋ። አፉን ተይው፣ አፉ ጨዋ ነው። ሲያመው የእግሩ አውራ ጣት ጫማው ውስጥ ቀና ይላል፤ ያኔ ምላጭ እቀይራለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በሦስተኛው ፎቅ ክፍል ውስጥ የፊት ሕመም ታካሚ መላ ሰውነቱ በአረንጓዴ ጨርቅ ሲሸፈን ሁለት እግሮቹ ብቻ ራቁታቸውን ይቀራሉ። እግርጌ በርጩማ ላይ አንድ አንጋፋ ነርስ ይቀመጣሉ። ሥራቸው ጣት ማየት ነው። ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠሩ ሰው ናቸው፤ «ጣት ጠባቂው» ሲባሉ አይከፉም፣ እንዲያውም በስልክ «ማን ልበል?» ሲባሉ እንደዚያ ነው የሚሉት። ለጉብኝት የሚመጣ የውጭ ሐኪም ሁሉ «እኚህ ሰውዬ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሐኪሟም በኩራት ታስረዳለች። ለአሥራ አምስት ዓመት ጣት ዋሽቶ አያውቅም ነበር፤ መምህርቷ እስኪመጡ ድረስ።

መምህርቷ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ሦስቱን ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምረዋል፤ ማንበብ። ከታናሽ እህታቸው ጋር ገቡ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ቀኝ ጉንጫቸውን ከጎናቸው ካለው መስኮት አሸሹ። ሐኪሟ ቬንቲሌተሩን ጨርሳ አጠፋችው።

«ቲቸር፣ ሕመሙ እንዴት ነው? ይንገሩኝ።»

«ትንሽ ነው።» ከንፈራቸው እምብዛም አልተንቀሳቀሰም።

«ትንሽ!» አለች እህትየው። «ዶክተር፣ እህቴ ቤቷ ቢቃጠል ‹ትንሽ ጢስ አለ› ነው የምትልሽ! ሦስት ደህና ጥርስ አስነቅላለች፤ ሐኪሙ ‹ለቀቀሽ?› ሲላት ‹አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብላው ትመጣለች። አራት ዓመት ሙሉ በማንኪያ ሾርባ ነው ያለችው። ደግሞ ‹ምሳ› አትልም።»

«እንዴት አይሉም?»

«‹መ› እና ‹በ› የለባትም! ከንፈሯ ሲገጥም ነው የሚነዝራት። እና ያለነሱ ማውራት ለመደች። ምሳን ‹የቀኑ እህል› ትለዋለች። የልጄን ስም ራሱ ትታ ‹ትልቋ ልጅሽ› ትላታለች። እኔ ልጄን ተቀይማ ስሟን መጥራት ያስጠላት መስሎኝ ነበር፣ ለካ ፊደሉ ነው!»

መምህርቷ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፣ ግማሽ መንገድ ላይ አቆሙት።

ሐኪሟ እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። ሺህ የሚሆን ታካሚ አይታለች፤ ጺሙን በአንድ በኩል ብቻ የሚላጭ፣ በአንድ ጎን የሚተኛ፣ ክረምት ከበጋ በሻርፕ የሚሄድ። ቋንቋውን በወንፊት ነፍቶ ሕመሙን የሚያልፍ ሰው ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚያስተምሩ ጠየቀቻቸው። መምህርቷ ጣታቸውን በአየር ላይ ሰሌዳ እንደሚያሳዩ አድርገው ዘረጉ። እህትየው ተረጎመችው፤ እሳቸው ፊደሉን በማስመሪያ ይነካሉ፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ የተሳሳተውን ወደ ሰሌዳው ጠርተው ጣቱን ይዘው ያስኬዱታል። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀም። ትምህርት ለክረምት ሊዘጋ ሲል ግን አዲሱ ርዕሰ መምህር ክፍል ገብቶ ተቀመጠ፣ አየ፣ በትህትና ወደ ቢሮው ጠራቸው። ትምህርት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ይከፈታል። እስከዚያ መናገር ካልቻሉ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራሉ።

«ጥሩ ሰው ነው» አሉ መምህርቷ። «እሱንስ ቸግሮት ነው።»

«መዝገብ ቤት እኮ መስኮት የለውም!» አለች እህትየው፤ እንባ ያቀረረው የእሷ ዓይን ነበር።

ኤምአርአዩ ሲታይ የደም ሥሩ ነርቩ ላይ ተጋድሞ ነበር። ለዚህ ዋናው ሕክምና ከጆሮ ኋላ ከፍቶ ገብቶ በሁለቱ መካከል ለስላሳ መለያ ማስቀመጥ ነው፤ ሐኪሟ በዓመት ሠላሳ ትሠራለች፣ ስለሱ ስታወራ ዓይኗ ይበራል። የመምህርቷ ልብ ግን ረጅም ሰመመን አይችልም ተባለ። ለሕመሙ የሚውጡት ክኒን ደግሞ ራሳቸውን እያዞረ ሰሌዳው ላይ አስደግፏቸዋል። የቀረው መርፌው ነው። ሐኪሟ ሁሉንም በወረቀት ላይ ፊት ስላ አሳየቻቸው። የሚታመመው ሁለተኛው ቅርንጫፍ ነው፣ የላይኛው ከንፈር። አንደኛው፣ የዓይኑ፣ ከጎኑ ተለጥፎ ይሄዳል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አይበልጥም።

መምህርቷ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ዓይኔ ከጠፋ የልጆቹን ጽሑፍ እንዴት አያለሁ?»

በዚያ ቀን የጠየቁት ብቸኛ ጥያቄ ይህ ነበር።

ስለዚህ ሁሉም ነገር በመልሳቸው እውነተኛነት ላይ ተንጠለጠለ። ሐኪሟ ልምምድ አደረገች። ዓይናቸውን አስጨፍና ግንባራቸውን በጥጥ ነካች። «ተሰማዎት?»

«አዎ።»

አገጫቸውን ነካች። «እዚህስ?»

«አዎ፣ ደህና ነው።»

ከዚያ ጥጡን ወደ ኪሷ መለሰችና ምንም ሳትነካቸው «አሁንስ?» አለች።

«አዎ ልጄ፣ ደህና ነው።»

ሐኪሟ ጣት ጠባቂውን አስጠራች። የመምህርቷን ጫማና ካልሲ አውልቀው እጃቸውን ቆንጠጥ አደረጉ፣ የእግር ጣታቸውን አዩ። ደግመው ቆነጠጡ። ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። በመጨረሻ ሐኪሟን ወደ ጥግ ወስደው በሹክሹክታ «ዶክተር፣ እኚህ ሴትዮ ጣት የላቸውም» አሏት። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ስድሳ ልጅ ፊት የቆመ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ተስፋ የለኝም።»

አሥራ አምስት ዓመት የሠራው ዘዴ አልሠራም። ሐኪሟ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ቅጹን መሙላት ጀመረች። ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበርና ሳታስበው ጮክ ብላ «እንግዲህ የሚያምዎት ግራ ጉንጭዎ...» አለች።

«ቀኝ ነው!»

ድምፁ ክፍሉን ሞላው። መምህርቷ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለዋል፣ ጣታቸው ተቀስሯል። «ቀኝ እያልኩሽ! ጆሮሽ የት ሄደ?»

እህትየው አፏን በእጇ ያዘች። መምህርቷ ወዲያው አፈሩና አንገታቸውን ደፉ። ሐኪሟ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እኚህ ሴት ለራሳቸው ሲሉ አንድ ቃል አይተነፍሱም። የተሳሳተ ልጅ ግን ሳያርሙ አያሳልፉም።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት፣ ሦስተኛው ፎቅ። መምህርቷ አልጋው ላይ ናቸው። ራስጌ ሰመመን ሰጪው፣ ሁሌም የሚቀልድ ግዙፍ ሰውዬ፤ እግርጌ ከአሠራር የማይወጡት ጣት ጠባቂው። ሐኪሟ መርገጫዋ ላይ ወጣች። ሴትየዋ አጭር እንቅልፍ ተኙ። መርፌው ከአፍ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ርቆ ጉንጭ ውስጥ ገባ። በራጁ ስክሪን ላይ የራስ ቅሉ ግርጌ እንደ ግራጫ ካርታ ይታያል፤ መሃሉ ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሞላላ ቀዳዳ አለች። ሐኪሟ ግራ እጇ ቆዳውን ወጠር አድርጎ፣ ቀኝ እጇ እየተከተለ፣ በአንድ ሙከራ አሳለፈችው። ሰመመን ሰጪው «ጺሙስ አብሮ ይላጭ?» አላት፤ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ስለሆነች ሁሌም የሚላት ቀልድ ነው።

መምህርቷ ነቁ። ንዝረቱ ተለቀቀ።

«ቲቸር፣ አሁን የነዘረዎት አገጭዎ ላይ ነው» አለች ሐኪሟ፣ እርግጠኛ እንደሆነች ሁሉ።

በእንቅልፍ የሻከረ ድምፅ መለሰ፦ «ተሳስተሻል።»

«እንግዲያው ግራ ጆሮዎ ነው።»

«ተሳስተሻል! ከዓይኔ ሥር ነው። ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ያለ።»

የሐኪሟ እጅ ቆመ። ከዓይን ሥር ማለት ወደ አንደኛው ቅርንጫፍ እየተጠጋች ነው ማለት ነው። በ«ደህና ነዎት» ቢሆን ኖሮ አሁን ታሞቀው ነበር። መርፌውን አንድ ሚሊሜትር መለሰችው።

«አሁን ገባኝ፣ ግንባርዎ ነው።»

«እንዴት ያለሽ ሰነፍ ነሽ! የላይኛው ከንፈሬ ነው። ያው ያስለቀሰኝ ሥፍራ።»

ሰመመን ሰጪው ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በቴፕ ቁራጭ ላይ የሐኪሟን ስህተት በሰረዝ እየቆጠረ ነበር። መምህርቷ ተኙ፣ ጫፉ ለስድሳ ሰከንድ ሞቀ፣ ነቁ። ሐኪሟ በጥጥ ግራና ቀኙን ነካችና «ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች። «ተሳስተሻል፣ ቀኙ ሩቅ ነው፤ ከጨርቅ ሥር የነካሽኝ ያህል ነው» ተባለች። ጥሩ ነው፣ ግን ገና አልበቃም፤ በመርፌ ጫፍ ስትወጋ ከንፈሩ አሁንም ስለት ይለያል። እንደገና አሞቀች፣ ትንሽ ጨመር አድርጋ። ከእያንዳንዱ ሙቀት በኋላ የጥጧን ክር በዓይናቸው ጠርዝ ታስነካለች። ዓይኑ እርግብ ይላል። ለዚህ ጥያቄ አያስፈልግም፤ ዓይን ይሉኝታ አያውቅም። እርግብ ባለ ቁጥር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ይተነፍሳል።

አሥረኛው ስህተት ላይ ከንፈሩ ደነዘዘ። ዓይኑ እንዳለ አለ።

አሁን የቀረው አንድ ፈተና ነው። ሐኪሟ መርፌውን ከማውጣቷ በፊት ማወቅ አለባት። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«ቲቸር፣ ‹ባቡር› የሚለው ቃል የሚጀምረው በ‹ተ› ነው አይደል?»

መምህርቷ ጥያቄው ምን እንደሚያስከፍላቸው ገብቷቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ የሸሹት ነገር አፋቸው ላይ መጥቶ ቆሟል። ከእግርጌ የጣት ጠባቂው ድምፅ ተሰማ፣ ጨርሶ ሹክሹክታ መሆኑ ቀርቶ፦

«ዶክተር! ጣት አላቸው! ሁለቱም አውራ ጣት ተነስቷል!»

ሐኪሟ አልተቻኮለችም። «በ‹ተ› ነው» አለች ደግማ። «ታቡር። ለልጆቹም እንደዚያ ነው የምነግራቸው።»

«በ‹ባ› ነው!» ብለው ጮኹ መምህርቷ። «ባ! ባቡር! ባ፣ ቡ...»

ቆሙ። ዓይናቸው ወደ ጣሪያው እንዳፈጠጠ ከንፈራቸውን ገጠሙት፣ ከፈቱት፣ እንደገና ገጠሙት። መብረቁ አልመጣም። በቀስታ፣ ለራሳቸው፣ «ባቡር» አሉ። «መምህር። ማሙሽ። ብርቱካን።» ጣት ጠባቂው ከበርጩማቸው ተነስተው ጣቶቹ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ አዩ፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ኮፍያቸውን አውልቀው ያዙ።

ማገገሚያ ክፍል እህትየው ስትገባ መምህርቷ ከማንም በፊት «ምሳ» አሉ። «ምሳ አምጪልኝ። ምሳ ነው ያልኩሽ፣ ሰምተሻል?» እህትየው ምግቡን ረስታ ልጇን ለመጥራት እየሮጠች ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ልጇ ስሟን ከአክስቷ አፍ እንድትሰማ።

ሐኪሟ የሚነገረውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከንፈሩ እንደደነዘዘ ይቆያል፣ ትኩስ ነገር በግራ በኩል ይቅመሱ። ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ከተመለሰም ይደገማል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰኞ ጠዋት ለክትትል እንዲመጡ ቀጠሮ ያዘችላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ የሐኪሟ ስልክ ጮኸ።

«ሰኞ መምጣት አልችልም» አለ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ። «ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው፤ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ነው ፕሮግራሙን ያመጣልኝ። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አድርጊልኝ። ደግሞም አንቺ፣ ግራና ቀኝሽን አጥኚ።»

ሐኪሟ ስልኩን ዘግታ የቀዶ ሕክምናውን መዝገብ አወጣች። በእያንዳንዱ ሪፖርት «የተገኘ ውጤት» በሚለው ቦታ የምትጽፈው ነገር አለ፤ የሙቀቱ መጠን፣ ደቂቃው፣ የዓይኑ ምላሽ። ሰመመን ሰጪው ያን የቴፕ ቁራጭ እዚያው ለጥፎት ነበር። አሥራ አንድ ሰረዝ። ከሥሩ «ሐኪሟ ወድቃለች፣ ታካሚዋ አልፈዋል» ብሏል። አላነሳችውም።

ቅዳሜ ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። አባቷ ሰማንያ አራት ሆኗቸዋል፤ አሁን የሚሠራው ወንድሟ ነው፣ እሳቸው ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። የፊደሉን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ጆሮሽ የት ሄደ?» ላይ ስትደርስ በሳቅ ጉልበታቸውን መቱ።

«ጫማዋስ?» አሉ በመጨረሻ።

«መጨረሻ ላይ ጣታቸው ተነሳ አባዬ። ከዚያ ተኛ።»

ሽማግሌው ተራ ወደሚጠብቀው ደንበኛ ዞረው፣ ሰውየው ሳይጠይቃቸው፣ «ልጄ ናት» አሉት። «የነርቭ ሐኪም። በአንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ተሳስታ ሰው አድናለች። ሌላው ሐኪም ይሄን ይችላል?»

«አይችልም ጋሼ» አለ ሰውየው፣ ምንም ባይገባውም።

ከመስተዋቱ ፊት ወንድሟ የሚላጨውን ሰው አገጭ እያነሳ «አመመዎት እንዴ?» ሲል ተሰማ።

«ኧረ ምንም! ደህና ነኝ፣ ቀጥል።»

አባትና ልጅ እኩል ወደ ሰውየው ጫማ ዞሩ። ከዚያ እኩል፣ በአንድ ድምፅ፣ «ምላጭ ቀይር» አሉት።